ያሸተትኩት ሳህን

ባለፈው ጥቅምት፣ ታቦር ሰፈር ያለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጎመን ስቀነጥስ የጎረቤቴ ልጅ ጎራ አለ። የእንስሳት ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። እኔ ዕድሜዬን በእንስሳት ላቦራቶሪ የፈጀሁ ሴት መሆኔን ስለሚያውቅ ትምህርቱ በከበደው ቁጥር ይመጣል። እኔም መምጣቱ ደስ ይለኛል፤ በቤታችን ስለ ባክቴሪያ ሊሰማኝ የሚፈልግ ሌላ ሰው የለማ! ያን ቀን የውሻን ማሕፀን እያጠቁ ጽንስ ስለሚያስጥሉ ተህዋስያን ሲያነብ ነበር የዋለው። አንዱን ከአንዱ በምን ትለዩት ነበር፣ ይሄ መሣሪያ ሳይኖር እንዴት ትሠሩ ነበር፣ እያለ ሲጠይቀኝ ቆየና ድንገት፣

"እትዬ አስቴር፣ በሥራ ዘመንዎ በጣም የፈሩት መቼ ነው?" አለኝ።

አንድ እብድ ውሻ አጥር ዘሎ ግቢያችን የገባበትንና ዘበኛው ዋርካ ላይ የወጣበትን ቀን ነገርኩት። ከልቡ ሳቀ፤ አመስግኖኝም ሄደ። ታሪኩ እውነት ነው። መልሱ ግን እሱ አልነበረም። ጎመኔን ትቼ ብዙ ተቀመጥኩ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ከተማችንን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ባጃጅ ገና አልመጣም። ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ ብስክሌት ያለው በብስክሌት፣ የቸኮለ በጋሪ። የጋሪ ፈረሶች ቃጭል ከጠዋት እስከ ማታ ከጆሮ አይጠፋም ነበር። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና ሳይደርቅ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ከሐይቁ ወዲህ ያለው ሣር ሁሉ ትንኝ ነው። በዚያ ወቅት ወባ ያልያዘው ቤት አልነበረም። "ዛሬ ማን ተኛ?" መባባል "እንዴት አደራችሁ" እንደማለት ነበር።

ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ባለቤቴ ማቴዎስ ዲላ ያስተምር ስለነበር ቅዳሜ ይመጣና እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ፣ ምሳ በልተን፣ አውቶቡስ ተራ እሸኘዋለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻዬን ነኝ። ሥራዬ ከከተማው ዳር ባለ አንድ የእንስሳት ላቦራቶሪ ውስጥ ቴክኒሻንነት ሲሆን ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም ነበር። የሠራተኛ ቅነሳ ወሬ በየመሥሪያ ቤቱ ይናፈሳል። በዚያ ላይ ማርገዜን ያወቅሁት በዚያው መስከረም ነው። ከማቴዎስ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ከዚያ በፊት አንድ ጽንስ ወርዶብኝ ነበርና እስከ አራት ወር ድረስ አፌን ልዘጋ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

አለቃችን ዶክተር ታደሰ ይባሉ ነበር። ምሥራቅ አውሮፓ የተማሩ፣ ቀጭን፣ ነጭ ካፖርታቸውን ራሳቸው የሚያጥቡ ሰው ናቸው። አይቆጡም፤ ግን ሲያዝኑብህ ከቁጣ ይብሳል። ሥራውን እጄን ይዞ ያስተማረኝ ግን እሳቸው ሳይሆኑ፣ ጡረታ ሊወጣ ወራት የቀሩት ጋሽ በላይ የሚባል አሮጌ ቴክኒሻን ነው። ባክቴሪያ የበቀለበትን ሳህን ክዳኑን ገርበብ አድርጎ ያሸት ነበር። "አፍንጫ ያለው ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል" ይለኛል። እውነቱን ነበር። አንዱ እንደ በሰለ ጊሽጣ ይሸታል፤ አንዱ እንደ ከረመ ዓሣ፤ አንዱ ዝናብ እንደ ነካው አፈር። ዶክተር ታደሰ ይህንን ሲያዩ፣ "አፍንጫችሁን ከሳህኑ አርቁ" ይላሉ። እኛም እሺ እንላለን፤ ሲወጡ እናሸታለን።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ሐጂ ኑሪ መጡ። እዚያው ከተማችን፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ ሰፊ ግቢ ያላቸው የፍየል ነጋዴ ናቸው። ከቦረና በጭነት መኪና ፍየል እያስመጡ ለከተማው ሥጋ ቤቶች ያከፋፍላሉ። በእጃቸው ዘንቢል ይዘዋል፤ ዘንቢሉ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለሉ አራት ያልደረሱ ቡችሎች አሉ። ሁሉም ሞተዋል።

"ዳማ ናት የጣለቻቸው" አሉኝ። ዳማ የጥበቃ ውሻቸው ነበረች። "ሦስተኛዋ ነው ይሄ። ያረገዘችውን ሁሉ ትጥላለች። እኔ ውሻ ወድጄ አይደለም፣ ልጄ፤ ሌባው አላስቀምጥ አለኝ እንጂ። ምን እንደሆነች ንገሩኝ፤ የማትሆን ከሆነ ሌላ ልፈልግ።"

ተቀበልኳቸው። የእጅ ጓንት እያጠብን፣ እንደ ካልሲ በገመድ ላይ እያሰጣን ደግመን የምንጠቀምበት ዘመን ነው። የእኔው የግራ አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ ነበረው። ያንን ቀዳዳ በዚያን ሰዓት አየሁት፤ ግን ቁም ነገር ብዬ አልያዝኩትም። ከቡችሎቹ ሆድና አብሯቸው ከመጣው እንግዴ ልጅ ናሙና ወስጄ፣ በበግ ደም በተሠራው የባክቴሪያ ምግብ ላይ ዘርቼ፣ ሳህኖቹን ማሞቂያ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩ።

በማግስቱ ምንም የለም። ዓርብም የለም። ተራው ባክቴሪያ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን ሳህኑን ይሞላው ነበር። ሰኞ ጠዋት ሳወጣው ግን የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ፣ እንደ ጤዛ የጠሩ ነጠብጣቦች በሳህኑ ላይ ተበትነዋል። ለመስኮቱ ብርሃን አቀረብኩት። ውብ ነበሩ። ክዳኑን አነሳሁና፣ እንደ ለመድኩት፣ ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ ሳብኩት።

ምንም አልሸተተኝም።

ቀለም ነክሬ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ደቃቅ፣ ቀያይ፣ እንደ አሸዋ የተበተኑ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ቢጫ ፈሳሽ ያለበት ትንሽ ቱቦ ውስጥ ጨመርኩለት። የተወሰኑ ባክቴሪያዎች ያንን ቢጫ ወደ ደማቅ ሮዝ ይለውጡታል፤ ካልሆነ ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። ለምሳ ወጥቼ ሽሮዬን በልቼ ስመለስ ቱቦው ሮዝ ሆኖ ጠበቀኝ።

መደርደሪያው ላይ ካለው ወፍራም መጽሐፍ ገጹን ፈልጌ አወጣሁ። ብሩሴላ። በየእንስሳው ጽንስ የሚያስጥል። በላቦራቶሪ ሠራተኞች ላይ በትንፋሽ የሚገባ። በሰው ላይ ለወራት የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብ፣ የወገብ ሕመም የሚያመጣ። ከዚያ በታች ደግሞ ስለ ነፍሰ ጡር ሴቶች አንድ ዓረፍተ ነገር አለች። አንዴ አነበብኳት። ሁለተኛ ለማንበብ አልደፈርኩም። እጄ ሆዴ ላይ እንደ ነበር ያወቅሁት ዶክተር ታደሰ በሩን ከፍተው ሲገቡ ነው።

"የሐጂ ኑሪ ውሻ ከምን ደረሰች?" አሉኝ።

"ብክለት ይመስላል፣ ዶክተር" አልኩ። "ደግሜ ልዝራው።"

ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ።

ለምን ዋሸሁ? ዛሬ ራሴን ስጠይቅ አፍራለሁ፤ በዚያን ሰዓት ግን ምክንያቱ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር። እውነቱን ብናገር፣ "ሳህኑን እንዴት ያዝሽው?" ይባላል። ማሽተቴ ይወጣል። እርግዝናዬ ይወጣል። የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች፣ ትእዛዝ የማታከብር፣ ከወራት በኋላ ወሊድ የምትወጣ ሠራተኛ ቅነሳ ሲመጣ የመጀመሪያዋ ናት። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ነገሩን በቃሌ ካወጣሁት እውነት የሚሆን መሰለኝ። ዝም ካልኩ ገና አልሆነም።

ለራሴ ያገኘሁለት ሰበብ ይህ ነበር፦ ስሙን ሙሉ በሙሉ ሳላውቅ መናገር ሥራ አይደለም። ብሩሴላ አንድ አይደለማ። የከብት አለ፣ የፍየል አለ፣ የውሻ አለ። በማይክሮስኮፕ ብታያቸው እንደ መንትያ አይለዩም፤ ጠባያቸው ግን ይለያል። የውሻው ከሆነ ዳማ ከሌላ ውሻ አምጥታዋለች ማለት ነው፤ ሰው ላይም ያን ያህል አይበረታም። ግን ለሰው የሚደረገው የደም ምርመራ እሱን አያየውም፤ በደሜ ውስጥ ቢኖር እንኳ "የለም" ይሉኛል። የፍየሉ ከሆነ ደግሞ ምርመራው ያየዋል፤ ግን ለሰው ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። የትኛው እንዲሆንልኝ እንደምጸልይ አላውቅም ነበር።

ዶክተር ታደሰ ለከብት ጥናታቸው ያስቀመጡት ዕቃ ነበር። እሱን በድብቅ ተጠቀምኩ። አንዱን ሳህን ሻማ ለኩሼ ባስገባሁበት ማሰሮ ውስጥ ዘጋሁበት፤ የከብቱ ንጹሕ አየር ስለማይስማማው ጭስ ያለበትን ይመርጣል። ሌላውን እንዲሁ በአየር ተውኩት። በአንዱ ቱቦ አፍ ላይ የእርሳስ ማዕድን ጨው የነካ ወረቀት አንጠለጠልኩ፤ የከብቱ ያጠቁረዋል፣ ሌሎቹ አያጠቁሩትም። ሁለት ዓይነት ቀለም በተጨመረባቸው ሳህኖች ላይም ዘራሁ። ከዚያ መጠበቅ ነው። እስከ ዓርብ።

ማክሰኞ አፍንጫዬን በሳሙና አጠብኩ፤ ደጋግሜ፣ እስኪቆስል። ረቡዕ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ዓሣ ሾርባ ሲጠጣ ሽታው አጥወለወለኝና "ይኸው ጀመረኝ" ብዬ ቀዘቀዝኩ፤ ነፍሰ ጡር መሆኔን ረስቼ። ቀኑን ሙሉ ገላዬን እየዳሰስኩ ዋልኩ። ወገቤን አመመኝ? አላመመኝም? ጽንሱ በዚያ ዕድሜ እንደማይንቀሳቀስ አውቃለሁ፤ ቢሆንም መጸዳጃ ቤት ገብቼ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እጠብቅ ነበር። የምጸልየው ጸሎት እንኳ ቃል አልነበረውም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ አለኝ። ጥርሴ ተንገጫገጨ። ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ አንሶላ የሚያርስ ላብ። የመጽሐፉ ገጽ በግንባሬ ላይ የተጻፈ ያህል ተሰማኝ።

ዓርብ ጠዋት እየተንገዳገድኩ ሥራ ገባሁ። ሳህኖቹን አወጣሁ። ያለ ሻማው በቅሏል። ወረቀቱ ነጭ ነው፤ የከብቱ አይደለም። በሁለቱም ቀለሞች ላይ በቅሏል፤ ይህም ወደ ፍየሉ ያደላል። የቀረው አንድ ነበር፦ የውሻው በአንድ ቢጫ መድኃኒት ጠብታ ውስጥ ሲገባ እንደ ረጋ ወተት ይቋጠራል፤ የፍየሉ አይቋጠርም። በመስታወቱ ላይ ቀላቀልኩት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ጠብታው እንደ ነበረ ልሙጥ ሆኖ ቀረ።

የፍየሉ ነው።

ዶክተር ታደሰ ቢሮ ገብቼ ቆምኩ። ካፖርታቸውን እየቆለፉ ነበር።

"ዶክተር፣ የሐጂ ኑሪ ውሻ ብክለት አልነበረም። ብሩሴላ ነው። የፍየሉ። ሰኞ ነው ያወቅሁት። አሽትቼዋለሁ።"

ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። እሳቸው አዩኝ። ፊቴን፣ ከዚያ እጄን፣ እጄ ያለበትን ቦታ። ወንበር ጎተቱልኝ።

"ስንት ወርሽ ነው?" አሉኝ።

እስከዚያች ሰዓት አላለቀስኩም ነበር። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

"እኔም ተማሪ ሳለሁ አሽትቼ አውቃለሁ" አሉኝ ሲበርድልኝ። "ዕድለኛ ነበርኩ። ዕድል ግን የላቦራቶሪ ዕቃ አይደለም፤ ተበድረሽ አትጠቀሚበትም። ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ክፍል አትገቢም። ሳህኖቹን እኔ እይዛቸዋለሁ። አሁን ግን ይሄ ትኩሳት ይታይ።"

በጋሪ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ጣቴን ወግተው ደም ወሰዱ። መርማሪው የማውቀው ልጅ ስለነበር መነጽሩን ካስተካከለ በኋላ፣ "ነይ ራስሽ እይው" አለኝ። ዓይኔን ወደ ማይክሮስኮፑ አደረግሁ። በደሜ ውስጥ ትንሽ ቀለበት፣ ፈርጥ እንዳለው ቀለበት፣ ተቀምጣለች። አንዲት ሌላም። የወባ ተውሳክ።

"ወባ ነው!" ብዬ ጮህኩ። መርማሪው ደነገጠ። በሕይወቱ ወባ ይዟት እልል ልትል የቃጣት ሴት አላየ! ማቴዎስ ያጠለቀልኝን ቀለበት እንኳ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አላየሁትም። ዶክተር ታደሰ ግን አልሳቁም። "ወባው ሌላው የለም ማለት አይደለም" አሉኝ በዝግታ። "የዛሬ ወር ደምሽ ይታያል፤ ከዚያም ደግመን። እስከዚያ መጠበቅ ነው።" ደስታዬ ከክሊኒኩ በር አላለፈም። ያም ሆኖ ያ መራራ ክሎሮኪን ከጠጣሁት ሁሉ ጣፋጩ ነበር።

ዶክተር ታደሰ ዓርብ ዕለቱን ሄደው ሐጂ ኑሪን አላገኟቸውም፤ ለፍየል ቦረና ወርደው ነበር። ሰኞ ትኩሳቱ ሲለቀኝ ሁለታችን ወደ ሐጂ ኑሪ ቤት ሄድን። ከአስፋልቱ ስንወርድ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ፈረሱ እያንዳንዱን ጉድጓድ እየመረጠ ይረግጣል። ግቢው ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ፍየሎች አሉ። ዳማ ከጭነት መኪናው ጥላ ሥር ተኝታለች፤ ቀና ብላ አየችንና ተመልሳ ተኛች።

"ሐጂ፣ ፍየሎችዎ ጥለው ያውቃሉ?" አሉ ዶክተር ታደሰ።

"ሦስት ጥለዋል። የመንገድ ድካም ነው ብለን ነው።"

"የጣሉትን ምን አደረጋችሁት?"

"ዳማ በላችው። ምን ይደረጋል?"

"ወተቱንስ ማን ይጠጣል?"

ሐጂ ኑሪ ወደ ቤቱ በር ዘወር አሉ። "ለሽያጭ አይደለም" አሉ። "ለቤት ነው። ለሴት ልጄ።"

"ልጅዎ ደህና ናት?"

ፊታቸው ተለዋወጠ። "ማን ላካችሁ?" አሉ። "የሰፈር ወሬ ሰምታችሁ ነው? ስለ ውሻዬ ነው የጠየቅኋችሁ! ስለ ልጄ ማንም አልጠየቃችሁም!"

ያኔ ከቤት ውስጥ ቀጭን የሴት ድምፅ ተሰማ። "አባዬ፣ ይግቡ። ይግቡና ይዩኝ። ሰው ካየኝ ስንት ጊዜዬ ነው?"

ራህመት ትባላለች። ሃያ ዓመቷ ነው። ግድግዳው ሥር በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተደግፋለች፤ አጠገቧ ጨርቅ የለበሰ የስፌት መኪና ቆሟል። ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ያተኩሳታል፣ ይተዋታል፣ ደግሞ ያተኩሳታል። ወገቧን ይዟት መቀመጥ አቅቷት ስፌቱን ትታለች። ስምንት ጊዜ ወባ ነው ተብላ ታክማለች። ከዚያ ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። በዚያ ዘመን ወጣት ሴት ከስታ ላብ ካጠመቃት ሰው የሚያስበው አንድ በሽታ ብቻ ነበር፤ ስሙን እንኳ በሙሉ አፉ የሚጠራው አልነበረም። "ብርጭቆዬን ለይተው ማስቀመጥ ጀመሩ" አለችን፤ አላለቀሰችም። "አባዬ ብቻ ነው የማይለየው። ጠዋትና ማታ ወተቱን ራሱ አልቦ፣ ትኩሱን፣ ጥሬውን ያመጣልኛል። ይጠግንሻል ይለኛል። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ የእጮኛዬ ሽማግሌዎች መጡ። ልጃችን ሐሳቡን ለውጧል አሉ። እንግዲህ ይኸው ነው።"

"የትኛው ማክሰኞ?" አልኩ። ጥያቄው ከአፌ ሳላስበው ነው የወጣው።

"ያለፈው።"

ሰኞ አውቄያለሁ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ብናገር ኖሮ ዶክተር ታደሰ ያንኑ ዕለት እዚህ ግቢ ይደርሱ ነበር፤ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሐጂ ኑሪ የሚመልሱት ቃል ይኖራቸው ነበር። ማክሰኞ እኔ ምን እሠራ ነበር? አፍንጫዬን እታጠብ ነበር።

ዶክተር ታደሰ ለሐኪም ደብዳቤ ጻፉላት። ሆስፒታሉ ለብሩሴላ የሚሆን መመርመሪያ ስላልነበረው ደሟን ለእኛ ላከልን። ሐጂ ኑሪ ውጤቱን እዚያው ቆመው እንዲያዩ ጠየቁ። እኔ እዚያ ክፍል ስለማልገባ በመስኮቱ በኩል ከሳቸው ጋር ቆሜ አየሁ። ዶክተሩ በነጭ ሸክላ ላይ አንድ ጠብታ ከደሟ ውሃ፣ አንድ ጠብታ ከቀዩ ፈሳሽ አድርገው አዋሃዱትና ሸክላውን በእጃቸው ቀስ እያደረጉ አወዛወዙት። ወዲያው ተቋጠረ፤ ቀይ አሸዋ የተበተነበት መሰለ። ዶክተሩ ሸክላውን ወደ መስኮቱ አቀረቡልን።

"ይሄ ምን ማለት ነው?" አሉኝ ሐጂ ኑሪ፤ ወደ እኔ ዞረው።

"የፍየሉ በሽታ ነው፣ ሐጂ። የዳማን ጽንስ ያስጣለው እሱ ነው። ልጅዎንም የያዛት እሱ ነው። በወተቱ ነው የሚገባው። መድኃኒት አለው።"

"ታዲያ... ያኛው... ያ ሰው የሚለው..."

"ያንን ሐኪሙ ለብቻው ይመረምረዋል። ግን ላቡም፣ ክሳቱም፣ የወገቡ ሕመምም የዚህ በሽታ ነው።"

ሐጂ ኑሪ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። በደስታ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ መዳፋቸውን እያዩ፣ "በገዛ እጄ" ሲሉ ሰማሁ። "በዚህ እጄ ነው ያጠጣኋት።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የእኔንም እጅ አየሁ።

ያኛው ምርመራ ነጻ መሆኗን አሳየ። ራህመት መድኃኒቱንና መርፌውን ለሳምንታት ወስዳ ቀስ በቀስ ተነሳች። ፍየሎቹ ተለይተው ተወገዱ፤ ወተት በዚያ ቤት ሳይፈላ መጠጣት ቀረ። ዳማ መዳን ስለማትችልና ለሰው ስለምታሰጋ ዶክተር ታደሰ ራሳቸው በመርፌ ለሁልጊዜ አስተኟት። ራህመት ይህንን የሰማችው መድኃኒቱን ከጀመረች በኋላ ነው፤ አምርራ ያለቀሰችውም ለዚያ ብቻ ነበር።

እኔ ግን የእኔን መጠበቅ ቀጠልኩ። ከወር በኋላ ደሜ ታየ፤ የለም። ደግሞ ከወር በኋላ፤ የለም። ዶክተር ታደሰ "በቃ" እስኪሉኝ ድረስ ሦስት ጊዜ ያ ሸክላ ሲወዛወዝ በመስኮት አየሁ። በየጊዜው ልጁ በሆዴ ሲገላበጥ ደስታና ድንጋጤ አብረው ይመጡብኝ ነበር። ማቴዎስ "ልጁን ሳይሆን ፍርሃት ነው ያረገዝሽው" ይለኝ ነበር። ሚያዝያ ላይ፣ የበልጉ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ሐኪሟ ጤነኛ ነው ብትለኝም፣ ዓመት እስኪሞላው ግንባሩን በመዳፌ ሳልለካ ያለፈች ቀን የለችም። ከሥራዬም አልተቀነስኩም። ዶክተር ታደሰ የሙከራ ጊዜዬን ሪፖርት ሲጽፉ ስለዚያ ሳምንት አንድ ቃል አላነሱም። ውለታም ቅጣትም ሆኖ ነው የኖረብኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን ባክቴሪያ ለይቼ፣ ስንቱን ስም ሰጥቼ ጡረታ ወጣሁ። አንድ ነገር ግን ተምሬአለሁ ለማለት እደፍራለሁ። ያስፈራኝ በአፍንጫዬ የገባው ነበር፤ ሰው የጎዳው ከአፌ ያልወጣው ነው።

ራህመት ዛሬ መሃል ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት። ቆይታ ሌላ ሰው አግብታ ልጆች ወልዳለች፤ ብርድ ሲሆን ወገቧን ይይዛታል እንጂ ደህና ናት። ለበዓል ልብስ ከሌላ ሰው ገዝቼ አላውቅም። ስገባ ከመደብዋ ትነሳለች፣ ትስመኛለች፣ ሱቁ ውስጥ ላለ ሁሉ "እኔን ከሞት ያወጣች እህቴ ናት" ትላለች። እኔም "የእግዚአብሔር ሥራ ነው" እላለሁና ጨርቁን መዳሰስ እጀምራለሁ። ስለዚያ ማክሰኞ አልነገርኳትም። ምናልባት ሽማግሌዎቹ ምንም ቢባሉ አይመለሱም ነበር፤ ምናልባት ያ ሰው መሄዱ ለእሷ በጎ ሆኖላት ይሆናል። እነዚህን ሁለት "ምናልባት"ዎች ይዤ ስንት ጊዜ ሱቋ በር ላይ ቆሜአለሁ። የሙከራ ጊዜ የለብኝ፣ የሚቀንሰኝ አለቃ የለኝ፤ ልጄ ራሱ የልጆች አባት ሆኗል። ግን አፌን ስከፍት የጨርቅ ዋጋ እጠይቃለሁ፤ ልክ ያ ሰኞ ከሰዓት በኋላ "ብክለት ይመስላል" እንዳልኩት።